ሁለተኛዋ ጉርሻ

በደርግ ጊዜ ነው። ወንድሜ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር ተጣልቶ ሀዋሳ ወህኒ ቤት ገባ። ለበዓል የሐይቁን ዓሣ ጠብሼ ከእንጀራ ጋር ወሰድኩለትና አብረን እንድንበላ ተፈቀደልን። አጠገቡ የነበረ ሳቂታ ሽማግሌ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ «በሞቴ!» አለኝ። ጎረስኩለት። ውኃ ሊያመጣ ሲነሳ ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «መንገደኛ ቤቱ እያሳደረ፣ አብልቶ አጠጥቶ ሲገድል የኖረ ሰው ነው፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል» አለኝ።

እናንተዬ፣ አፌ ውስጥ የቀረውን ሳላላምጥ ዋጥኩት! ሰውዬው ሲመለስም አፌን ከፍቼ ጠበቅኩት። «አባባ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል፤ በሞቴ ሁለተኛዋን ይጨምሩልኝ!» እንባው እስኪወርድ ሳቀና ከፊተኛው የሚበልጥ ጠቀለለልኝ። እኔም ጥርግ አድርጌ በላሁ። ከሊቀመንበር የተጣላ ታስሮ ይፈታል፤ ከሽማግሌው የተጣላን ማን ያስፈታዋል?