ኅዳር ሲታጠን የመጣችው መኪና

«ይህ ግቢ ካርታ አለው፤ ለክተሽ የትም አታደርሺውም» አሉ ጋሽ ተክለማርያም፣ ከዘራቸውን አግድም ይዘው መኪናዋ ፊት ቆመው።

እኔ ጎረቤታቸው በራፌ ላይ ሆኜ አያለሁ። አልፈርድባቸውም። ዘንድሮ በኮልፌ የመለኪያ መሣሪያ የጫነ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤቱ ሊፈርስ እንደሆነ ነው።

ከመኪናዋ የወረደችው ወጣት፣ ሌሊሴ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሳጥንና ቱቦ አሳየቻቸው። «አባባ፣ ቤት አይደለም የምንለካው፤ አየር ነው። እየሄድን አየሩን ይስባል፣ ውስጡ ያለውን ብናኝ ይለካል።»

«አየርም ግብር ሊጣልበት ነው?»

ዕለቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ኅዳርን በማጠን ደግሞ እንደ ጋሽ ተክለማርያም የሚተጋ የለም፤ ጥራጊው፣ ፌስታሉ፣ ያረጀው ጎማ ሁሉ በራቸው ላይ ተከምሮ ይጤሳል። ከመስኮቱ ውስጥ የባለቤታቸው የእትዬ ተሻለች ሳል ይሰማል። አምና በዚሁ ቀን ትንፋሽ አጥሯቸው ቤቴል ክሊኒክ ያደረስናቸው ተሸክመን ነው።

«18 ማዞሪያ ላይ የብናኙ መጠን ስልሳ ነበር» አለች ሌሊሴ ስክሪኑን እያየች። «በቆሼ፣ በቆሻሻ መጣያው በኩል ስናልፍ መቶ ሃያ። እርስዎ በር ላይ አምስት መቶ አልፏል።»

«መኪናሽ የገዛ ጭሷን እየለካች ነዋ።»

«ጭስ የላትም፤ ኤሌክትሪክ ናት።»

ጋሽ ተክለማርያም ዞረው፣ በግ እንደሚገዛ ሰው ከኋላ ዳበሷት። ጭስ ማውጫ አጡ። በዚህ ግን የሚረቱ አይደሉም።

«ጭሱ በሽታ ያባርራል። በኅዳር በሽታ ጊዜ አባቶቻችንን ያተረፋቸው እሱ ነው። ተሻለችንም የሚያስላት በሽታው ሲወጣ ነው።»

«አባቶች ያጠኑት ገለባና ቅጠል ነው፤ ፌስታልና ጎማ መች ነበራቸው? የጠቀማቸውም ጠረጋው ይመስለኛል። ይህ ብናኝ ከፀጉር ይቀጥናል፤ አንዴ ከገባ ሳንባ ላይ ይቀራል። እማማን የሚያስላቸው በሽታው ሲወጣ ሳይሆን ሲገባ ነው አባባ።»

በዚህ መሀል የእትዬ ተሻለች ሳል ተቋረጠ። ዝምታው ከሳሉ ባሰ። ሦስታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። የተነፈስነው ሳሉ እንደገና ሲሰማ ነው።

ጋሽ ተክለማርያም ባልዲ አምጥተው ክምሩ ላይ ውሃ ደፉበት፤ ደገሙት። መኪናዋ መንደሩን ዞራ ስትመለስ ቁጥሩ ወርዶ ነበር።

እኔም ለሰፈሬ ሰው የምለው ይህንኑ ነው፦ ለኅዳር መጥረግ ደግ ነው፤ የተጠረገውን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ መስጠት ደግሞ የበለጠ ደግ ነው። በዓሉ አይጎድልበትም፣ ልብስ አይሸትም፣ በሚካኤል ዕለትም ሰው ተሸክመን አንሮጥም።

«ተሻለች» አሉ ጋሽ ተክለማርያም በመስኮቱ፣ «ከእንግዲህ አናጥንም። ለሳልሽ ጥሩ አይደለም።»

«እስከዛሬ ሲያስለኝ» አሉ እትዬ ተሻለች ከውስጥ፣ «መኪና እስኪመጣ ኖሯል የሚጠብቁት።»