ጢስና የእድሩ ድንኳን

ልብስ ሰፊውና የእድር ዳኛው አቶ ሀብተማርያም በደርግ ዘመን አንድ እሑድ ጠዋት ኮልፌ ፌርማታ ላይ የቀበሌዋን ጤና ረዳት ዘመነችን አገኟት። ሰላምታው እንዳለቀ ሲያብሰለስሉት ያደሩትን ጠየቋት። ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የቀበሌ ስብሰባ፣ ቤቱ ተፈትሾ ሲጋራ የተገኘበት ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር እንዳይሰጠው ሊወሰን ነበር። ስለ ጤና እንድትናገር የተጠራችው ደግሞ እሷ ነች።

«ትርፍ ቤት ሲወረስ ዝም አልን» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ትንፋሻችን ሊወረስ ነው፣ ልጄ?»

ዘመነች ፈገግ አለች። «ትንፋሽዎ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ። ጢሱ ግን ከወጣ በኋላ የእርስዎ ብቻ አይደለም።»

አርባ ዓመት አጭሰው አንድ ቀን እንኳ ታመው እንዳልተኙ ነገሯት። አልተከራከረቻቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ጎረቤትዎ አቶ ጥሩነህ የሞቱ ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ፅጌ የት ነበሩ?»

«ጓሮ፣ ብቻቸውን። ሰውም ታዝቧቸዋል።»

«አስም አለባቸው። ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች ድንኳኑን በጢስ ሞልተውት ነበር። ሊያጽናኗቸው የመጡ ሰዎች ከገዛ ባላቸው ለቅሶ አስወጧቸው። እሳቸውም በይሉኝታ ዝም አሉ።»

አቶ ሀብተማርያም ያን ዕለት ካርታውን ይበውዙ ነበር፤ «ባሏን አትወደውም ነበር» ብለው ካሟቸውም አንዱ እሳቸው ነበሩ።

በስብሰባው ላይ ዘመነች በአዳራሹና በጤና ጣቢያው ማጨስ መከልከሉን ደገፈች። ሊቀ መንበሩ ስለ ፍተሻው ሲጠይቃት ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የሰው ኪስ መፈተሽ ሳንባ አያድንም። የፈራ ሰው በር ዘግቶ ከልጆቹ መኝታ አጠገብ ያጨሳል። የጋራ በሆነው ቦታ እንከልክል፤ በቤቱ ግን እንምከረው።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ብሎ መናገር ቀላል አልነበረም። ደጋፊ ይጠፋል ሲባል አቶ ሀብተማርያም ተነሡ።

«እኔ አጫሽ ነኝ፤ ልጅቷ ግን ልክ ነች። የእድሩን ድንኳን ለእኛ ተዉልን። ዳኛው እኔ ነኝ፣ ለማጨስም ቀድሜ የምወጣው እኔ ነኝ።»

ፍተሻው «ለሌላ ጊዜ ይቆየን» ተባለ፤ ቆይቶም ቀረ።

በግድ የተከለከለ ሰው መደበቂያ ይፈልጋል፤ ገብቶት የተወ ግን ሌላውንም ያስተዋል። በሐምሌ አንድ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ሲሆን አቶ ሀብተማርያም ካርታቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ኮታቸውን ተከናንበው ዝናብ እየመታቸው አጨሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። አቶ ሀብተማርያም ከዚያ ወዲህ በቤታቸውም ደጅ ወጥተው ማጨስ ያዙ፤ ብርዱ ስላስመረራቸው ክረምቱ ሳይወጣ የአንድ ቀን የሲጋራ ፓኮ ለሦስት ቀን ይበቃቸው ጀመር፤ የማለዳ ሳላቸውም ቀለለ።

እትዬ ፅጌም በዚያ ለቅሶ ድንኳኑ መካከል ተቀምጠው፣ በጎረቤታቸው አሳበው፣ ለባላቸው ያላለቀሱትን አለቀሱ።