ያልተከፈለበት ዝምታ

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሪት እየሩሳሌም አዳነ ይታገሱ
ዕድሜ፦ 38
ሥራ፦ የግል፤ በድምፅ የተቀዳን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ
አድራሻ፦ ሐብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ያላገባች፣ ብቻዋን የምትኖር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30 ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ያሬድ ብርሌ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ምስክር፣ ተጠርጣሪ አሕመድ ሰዒድ ጥር 19 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ መርሳ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ የውኃ መሳቢያ ሞተር በባጃጁ ጭኖ ወስዷል ስለተባለበት ጉዳይ የማውቀውን ለማስረዳት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር መጥቻለሁ። አሕመድን በመልክ አላውቀውም። የማውቀው በድምፁ ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ከሥራዬ ዋጋ መጀመር አለብኝ። ረዳት ሳጅኑ ወደ ጉዳዩ እንድገባ ቢያሳስቡኝም ጉዳዩ እሱው ስለሆነ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ቀደም ሲል ወልድያ በጸሐፊነት ስሠራ ቆይቼ እናቴ በመታመሟ ሥራዬን ለቅቄ ወደ መርሳ ተመልሻለሁ። እናቴ አርፋለች፤ እኔ በቤቷ ቀርቻለሁ። የምተዳደረው ለጥናት የሚመጡ ሰዎች ገበሬ እያነጋገሩ የቀዱትን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ በመጻፍ ነው። ዋጋ መቁረጥ ግን ለረጅም ጊዜ አልሆነልኝም። በደመወዝ የኖረ ሰው የገዛ ጉልበቱን ዋጋ ሲጠየቅ አንደበቱ ይታሰራል። መጀመሪያ «የፈቀዳችሁትን» እል ነበር፤ የፈቀዱት ምርቃትና ማንጎ ሆነ። የመርሳን ማንጎ አልንቅም፣ የመብራት ሂሳብ ግን በማንጎ አይከፈልም። ቀጥሎ በገጽ አደረግሁት፤ ፊደሉን አተለቅሽ፣ መስመሩን አራራቅሽ እየተባልሁ ተነታረክሁ። በመጨረሻ በቅጂው ርዝመት ቆረጥሁና ልቤ ረጋ።

ጥር 21 ቀን ወንዳወቅ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ መጥቶ ስለ ጥንት የማሽላ ዘር የሚያጠና ተማሪ፣ ግራና ከሚባለው የገጠር ቦታ የቀዳውን በቴሌግራም ላከልኝ። ዋጋዬን ነገርሁት። እሱም «እኔ የምከፍለው ሰውዬው ለጥያቄዬ ለመለሰበት ደቂቃ ነው፤ ለዝምታና ለዶሮ ጩኸት አልከፍልም፤ እሱን ቁረጪና ጣይው» አለኝ። በዚያ ወር ሌላ ሥራ አልነበረኝም፤ ይሉኝታም ያዘኝና እሺ አልሁ። ወዲያው በራሴ ተናደድሁ። ስለዚህ ዝም የተባለበትን ከጽሑፉ ቆረጥሁ እንጂ ቅጂውን አልጣልሁም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ያልተከፈለኝን ክፍል ለምን እንዳዳመጥሁ ረዳት ሳጅኑ ጠይቀውኛል። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በቤቴ ከእኔ በቀር በር የሚከፍት፣ ዕቃ የሚያንኳኳ የለም። ሰው ያለበት ቤት ዝምታና ሰው የሌለበት ቤት ዝምታ አንድ አይደለም። በሰው ቤት ዶሮ ስትንጫጫ፣ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ስሰማ እራቴን ከሰው ጋር የበላሁ ይመስለኛል። በዚህ ትንሽ አፍራለሁ፣ ግን ይጻፍ።

ቅጂው ሲጀምር ወንዳወቅ በራሱ አፍ «ዛሬ ማክሰኞ ጥር 19 ነው፤ ሰዓቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ» ይላል። የሚያነጋግራቸው አያ ወርቁ የሚባሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተነጋገሩ በኋላ ወንዳወቅ አውድማው ላይ ያለውን የማሽላ ክምር በካሜራ ሊያነሳ ይወጣል። ስልኩ እየቀዳ እቤት ይቀራል። ቀጥሎ ባጃጅ ይመጣና ሞተሩ ይጠፋል። ከዚያ የሚከተለውን ሰምቻለሁ።

«አያ፣ እንግዳ አለብዎት እንዴ? ቆይቼ ልምለስ?»

«አሕመድ ነህ? ግባ እንጂ! እሱ ክምር ሊያይ ወጥቷል። ቁርበቱን አንጥፌልሃለሁ፤ ሰዓትህ ሳያልፍ ስገድ።»

ውኃ ከማሰሮ ይቀዳል፤ ሰው ይታጠባል። ከዚያ ወዲያ ጸጥታ ነው። አንድ ጊዜ ዶሮ ስትገባ አያ ወርቁ በሹክሹክታ «ውጪ! ሰው እየሰገደ አይደለም እንዴ» ብለው ያባርሯታል። ሳል ሲመጣባቸውም አፋቸውን በጋቢያቸው አፍነው ነው የሚስሉት፤ ድምፁ ታፍኖ ይሰማል። ሲጨርስ «አላህ ይቀበልህ» ይሉታል። እሱም «አሚን አያ፣ ዕድሜ ይስጥዎት» ብሎ ይወጣል። ባጃጁ ይነሳል። አያ ወርቁ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሄደ እንግዲህ» ይላሉ። ይህችን ቦታ እየመለስሁ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ለጉዳዩ እንደማትጠቅም አውቃለሁ። ባጃጁ ሲነሳ በቅጂው አቆጣጠር አሥር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ከግራና መርሳ ደግሞ በባጃጅ የደቂቃ መንገድ አይደለም።

ጥር 26 ቀን ዳቦ ልገዛ ወይዘሮ ዓቢዳ ሱቅ ስገባ ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ልጃቸው አሕመድ መታሰሩን ነገሩኝ። «በዚያ ሰዓት ግራና አያ ወርቁ ዘንድ እየሰገድኩ ነበር ይላል፤ ማን አየው? የሚሰግድ ሰው አይጮህ!» አሉ። እጄ ላይ ያለው ዳቦ ከበደኝ። ስልኬን አውጥቼ አሰማኋቸው። ገና «አያ» ሲል «የኔው ነው! ወላሂ የኔው ነው!» ብለው ስልኩን ደረታቸው ላይ አደረጉት።

በዚያኑ ቀን ለወንዳወቅ ደወልሁ። ባጃጅ ቆሞ ማየቱን፣ ባለቤቱን ግን አለማየቱን ነገረኝ። ቀጥሎ «ያንን አልጣልሽውም እንዴ? የጥናቴን ቅጂ ለፖሊስ ከሰጠሽ ሁለተኛ ሥራ ከእኔ አትጠብቂ» አለኝ። የሰውን ድምፅ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማውጣት ተገቢ እንዳልሆነ እኔም አምናለሁ። ስለዚህ በማግስቱ ግራና ድረስ ሄጄ ባለድምፁን ጠየቅሁ።

አያ ወርቁ «የማን ወገን ነሽ?» አሉኝ። የማንም እንዳልሆንሁ፣ ድምፃቸውን ግን እንደማውቅ ነገርኋቸው። ፖሊስ አስቀድሞ ጠይቋቸው እንደነበር አጫወቱኝ። «ልጁ ስንት ጊዜ እዚህ ሰግዷል! የትኛው ቀን እንደሆነ እንዴት ብዬ ልማል? እግዜርን ፈርቼ አልምልም አልሁ። ይኸው ባለመማሌ ታሰረ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ቅጂውን ሳሰማቸው እስከ መጨረሻው አደመጡ። «ውሰጂው፤ ፈቅጃለሁ» አሉኝ። ስወጣ ቁርበቱ እንደተነጠፈ ነበር። ላነሳላቸው ብል «ተይው፤ ሲመጣ ይፈልገዋል» ብለው ከለከሉኝ።

ቅጂውን ሳይቆረጥ በዚህ መዝገብ አስረክቤያለሁ። ለመዝገቡ በጽሑፍ እንድገለብጠው በስንት እንደምሠራ ተጠይቄ፣ እዚህ ምስክር ስለሆንሁ ዋጋ መቀበል እንደማይገባኝ፣ ለሌላ ጊዜ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝምታውንም ቆጥሬ እንደማስከፍል፣ የማይስማማም ሌላ ሰው እንዲፈልግ ተናግሬያለሁ።

ከተጠርጣሪው ጋር ዝምድና ወይም ጸብ እንዳለኝ ተጠይቄያለሁ። የለኝም። እሱ እኔ መኖሬንም አያውቅም።

ቃሌ ተነቦልኛል። ሲነበብልኝ «ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ደቂቃ ያህል ምንም የለም» ተብሎ የተጻፈ ስለነበር እንዲታረም ጠይቄ፣ «አሕመድ ይሰግዳል፤ አያ ወርቁ ዝም ብለውለታል» ተብሎ ታርሟል። የሰጠሁት ቃል እውነት ነው፤ ያልሰማሁትን አልጨመርሁም፣ ከሰማሁትም የቆረጥሁት የለም።

የምስክር ፊርማ፦ እየሩሳሌም አዳነ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ያሬድ ብርሌ