የተባዩ እግር
ገሰራ ወረዳ የገበሬውን የሐጂ ከድርን ገብስ የማላውቀው ተባይ ወረረው። እኔ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነኝና፣ "ምንነቱ ሳይታወቅ መድኃኒት እንዳይረጩ" አልኳቸው። ጥቂቱን ለቅሜ፣ አልኮል ውስጥ ከትቼ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ላክሁ። ሐጂ አምነውኝ ጠበቁ። የላብራቶሪው ሰዎች ከስንት ጊዜ በኋላ ደውለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "የተባዩ እግር ተሰብሯል፤ ለመለየት አልተመቸንም። ሌላ ላክ።" እግር! የሰው ማሳ እያለቀ! ደሜ ፈላ። ምን አደርጋለሁ፣ ከምሠራበት ከሮቤ ተነስቼ ወደ ገሰራ ተመልሼ ሄድኩ። ስደርስ ሐጂ ተስፋ ቆርጠው ከብቶቻቸውን ገብሱ ላይ ለቀዋቸዋል። እያፈርኩ የእግሩን ነገር ነገርኳቸው፤ እንደገና ልለቅም መምጣቴንም። ላሞቻቸውን አየት አድርገው፣
"ግባ ልጄ፣ ልቀም" አሉኝ። "ግን ቶሎ በል፤ ላሞቹ ረግጠው እግሩን እንዳይሰብሩብህ።"