የተነፋው መድኃኒት

ሆዴ አንድ ቀን ይደርቃል፣ አንድ ቀን ይለቃል። ሐኪሙ «አባቴ፣ ቁስል የለብዎትም፤ አንጀትዎ ቁጡ ነው» ብሎ ጠዋት ጠዋት በብዙ ውሃ የምጠጣው ያልላመ የገለባ ዱቄት አዘዘልኝ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ትክል ድንጋይ ከተማ ስሄድ ማኪና ላይ እንዳልዋረድ ብዬ ሳላጓድል ወሰድሁት፤ ሆዴም ረጋ። በሠርጉ ጠዋት የመድኃኒቱን ጣሳ ብከፍት ጥቂት ብናኝ ብቻ ቀርታለች።

«ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ፤ ገለባው ቢበዛብኝ በወንፊት ነፋሁልህ» አለች ባለቤቴ፣ ሸጋ ሥራ እንደ ሠራ ሰው።

«ገለባውስ?»

«ለዶሮዎቹ በተንሁት።»

«ሴትዮ፣ መድኃኒቱ እኮ ገለባው ነው!»

«ምነው አንተ! ለሰው ገለባ የሚያበላ ሐኪም የት አለ?» ብላ ይባስ ሳቀችብኝ። ውጭ ወደ ሠርጉ የሚወስደን ማኪና ጡሩንባውን ይነፋል።

«እንግዲያውስ ሠርጉ ቤት ዶሮዎቹን ይዘሽ ሂጂ» አልኋት፤ «ሆዳቸው የረጋ እነሱ ናቸው።»