«መቀመጫዎ ተይዟል»

የአውቶቡስ ትኬት በስልክ የሚቆረጥበትን ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። የገባው ጥያቄ ወረፋ ይይዛል፤ መቀመጫ መኖሩ የሚታወቀው ተራው ሲደርስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚላከው መልእክት «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ ይጠብቁ» ይል ነበር። አለቃዬ ግን «ይጠብቁ ካልን ሰው ይሸሻል» ብሎ «መቀመጫዎ ተይዟል» አስባለው። ብጮህ ማን ሰምቶኝ!

መስቀልን አገሩ የዋለው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ጥያቄው ተከመረ። ወልቂጤ መናኸሪያ ብደርስ፣ አንዲት እናት የቆጮ ጥቅላቸውን ታቅፈው የሞላ አውቶቡስ በር ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ተይዟል ስላላችሁኝ እኮ ነው ላድርስሽ ያለኝን የወንድሜን ልጅ በመኪናህ ሂድ ያልኩት!» አሉኝ፣ የድርጅቱን ባጅ ደረቴ ላይ አይተው። ደሜ ፈላ። ለአለቃዬ ደወልኩ። «ምን አጠፋን? ፈጣን መልስ ሰጥተናቸዋል» አይለኝም! «በል፣ ያንን ‹ይጠብቁ› አንተው ንገራቸው» ብዬ ስልኩን ለእናትየው ሰጠኋቸው።