የዳልቻው ቃጭል

በጥር ወር፣ ፀሐይ ገና እንደጠለቀች፣ ከአይከል ከተማ ወረድ ብሎ በነደደ እሳት ዳር ከበለሳ የነጋዴ ሰንጋ ይዘው የመጡ ሁለት ከብት ነጂዎች ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው ፈንቴና ጎልማሳው ይርዳው። ሃያ ሰንጋና መሪያቸው ዳልቻው በሬ ከጎናቸው ተኝተዋል።

ይርዳው፦ አልወጣም አልኩዎ እኮ፣ አያ ፈንቴ! እሳቱን ስናያይዝ የጀመሩኝ፣ ይኸው ፍም ሆነ፤ አሁንም አልለቀቁኝም።

ፈንቴ፦ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የኔ ልጅ። ነገ የዳልቻውን ቃጭል እያንቃጨልክ የጭነት መኪናው ላይ ትወጣለህ፤ ሰንጋዎቹ ይከተሉሃል፤ አንተ በጎን ዘለህ ትወርዳለህ።

ይርዳው፦ “ትወርዳለህ” ማለትማ ቀላል ነው። ሃያ ሰንጋ ከኋላዬ ተግተልትሎ ሲመጣ መዝለያ ባጣስ? ሚስቴ መውለጃዋ ደርሷል። መሪያቸው ዳልቻው አይደል? እሱ ቀድሞ ይውጣ።

ፈንቴ፦ እሱ ከወጣማ ሌሎቹ ከኋላው ይሞሉበታል። በየት በኩል ይወርዳል? መተማ ወስደው ይሸጡታል።

ይርዳው፦ በሬ አይደል? ቢሸጥ ምን ይገርማል?

ፈንቴ፦ ነጋዴው ያለውን ሰምተሃል። “ከእንግዲህ በመኪና ነው፤ መሪ በሬ ምን ያደርግልኛል? ሃያውን ያለ እሱ ካሳፈርክ፣ ለድካምህ ውሰደው። ካልቻልክ አብሮ ይጫናል።”

ይርዳው፦ ሲያላግጥብዎ ነው። ሰንጋ ያለ መሪ መኪና ላይ እንደማይወጣ አሳምሮ ያውቃል።

ፈንቴ፦ ያላወቀው አንድ ነገር አለ። ከኋላ ያለው ሰንጋ በዚያ ሁሉ አቧራ መሪውን በምን ያየዋል? የሚከተለው ቃጭሉን ነው።

ይርዳው፦ እንግዲያው እርስዎ ይዘውት ይውጡ።

ፈንቴ፦ በዚህ ጉልበት? ለመቀመጥ እንኳ ዱላዬን እለምናለሁ።

ይርዳው፦ “በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት” አሉ! ለመሆኑ ምን ያደርግልዎታል? የሚያርሱት መሬት የለዎ።

ፈንቴ፦ መመለሻው አለ።

ይርዳው፦ የምን መመለሻ?

ፈንቴ፦ ሁልጊዜ እናንተ ወጣቶቹ መተማ ድረስ ነድተን ከብቱን ካስረከብን በኋላ በአውቶቡስ ትመለሳላችሁ። እኔና እሱ በእግራችን ነን። ሲመሽ እሳት አነዳለሁ፤ ተረት እነግረዋለሁ።

ይርዳው፦ ለበሬ?

ፈንቴ፦ ለበሬ። አንተማ ገና “ተረት ተረት” ስል ታንኮራፋለህ።

ይርዳው፦ እሱስ “የላም በረት” ይልዎታል?

ፈንቴ፦ አይልም። እኔው እልለታለሁ። እሱ ጆሮውን ወደኔ ያዞራል።

ይርዳው፦ ከእንግዲህ እኮ መንገዱም የለም። ከዚህ ቤትዎ ይገባሉ፤ አበቃ።

ፈንቴ፦ እንግዲህ ቤት ነዋ።

ይርዳው፦ ቤት ማን አለ?

ፈንቴ፦ በሩን ከፍቼ፣ እሱ ደጅ፣ እኔ መደብ ላይ ሆነን እንጫወታለን።

ይርዳው፦ ይህንን ባይነግሩኝ ይሻል ነበር።

ፈንቴ፦ ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። በል ተኛ፤ መኪናው ማልዶ ይመጣል። ልጅህን በሰላም ያሳይህ። እኔው እወጣለሁ።

ይርዳው፦ ይረግጡዎታል!

ፈንቴ፦ ሃያ ዓመት ሙሉ በዱላ ስላቸው ኖሬያለሁ፤ አንድ ቀን ብድራቸውን ቢመልሱ ምን አለበት?

ይርዳው፦ አሁን ደግሞ ወዴት ሊነሡ ነው?

ፈንቴ፦ ቃጭሉን ከአንገቱ ልፈታ።

ይርዳው፦ ይቀመጡ። ይቀመጡ አልኩዎ፣ አያ ፈንቴ! እኔ እፈታዋለሁ።

ፈንቴ፦ ሚስትህስ?

ይርዳው፦ እሷ ጆሮ እንዳይደርስ። ጎኑ አጠር ያለ መኪና እንዲመጣ ብቻ ይጸልዩልኝ።

ፈንቴ፦ እጸልያለሁ።

ይርዳው፦ ተረቱንም ይጀምሩት። ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ፈንቴ፦ ተረት ተረት።

ይርዳው፦ የላም በረት።

ሲነጋ ሃያው ሰንጋ ቃጭሉን ተከትሎ መኪናው ላይ ወጣ። ይርዳው በጎን ሲዘል ቁርጭምጭሚቱ ወለም አለው፤ ቃጭሉም ከእጁ ወድቆ እዚያው ከከብቶቹ እግር ሥር ቀረ። ፈንቴ ዳልቻውን ያለ ቃጭል እየነዳ በእግሩ ወደ በለሳ ተመለሰ።